ስማቸው ለምን አልተጻፈም?

ለከተማችን አስተዳደር ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በአደባባዩ የወታደሮች መታሰቢያ ላይ ሳይቀረጹ ስለቀሩት ስሞች

ክቡር ኃላፊ፦

ይህን ጉዳይ በአደባባይ የማነሣው በቢሮዎ ማለቅ ሲገባው ስላላለቀ ነው። የእድሮቻችን ማመልከቻ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። ሽማግሌዎቻችን በቀጠሮ መጥተው በቀጠሮ ተመልሰዋል። አንድ ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልን፤ ሌላ ጊዜ «ጉዳዩ ወደ ሌላ ክፍል ተመርቷል» ተባልን፤ የተባለው ክፍል ስንሄድ ደግሞ «እኛ ዘንድ የደረሰ ነገር የለም» ተባልን። እስከ ዛሬ በጽሑፍ የተሰጠን አንድም መልስ የለም። ስለዚህ ጥያቄያችንን ሕዝብ እያነበበው በድጋሚ አቀርብልዎታለሁ፦ ከዚህች ከተማ ወጥተው ለአገራቸው የወደቁ ሰዎች ስም በገዛ መታሰቢያቸው ላይ የማይጻፈው ለምንድን ነው?

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልግለጽ። ከተማችን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ወታደር ያልወጣበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። መታሰቢያ ይቁም የሚለውን ሐሳብ ያነሡት ጡረተኛ ወታደሮችና የሟች ቤተሰቦች ናቸው። እድሮቻችን ከተቀማጫቸው ላይ ገንዘብ አወጡ፤ ነጋዴዎች ሲሚንቶና ብረት ሰጡ፤ ወጣቶች መሠረቱን ቆፈሩ። አስተዳደሩ ቦታውን ፈቀደ፤ የቀረውንም ወጪ ሸፈነ፤ ለዚህም በወቅቱ በደብዳቤ አመስግነናል። በዚያን ጊዜ በተያዘው ቃለ ጉባኤ ላይ የሟቾቹ ሙሉ ስም በሐውልቱ ግርጌ በእብነ በረድ ተቀርጾ እንደሚቀመጥ በግልጽ ሰፍሯል። ከሥሩ የአስተዳደሩ ተወካይ ፈርመዋል፤ ማኅተምም ተመቶበታል። አንዱ ቅጂ በእርስዎ መዝገብ ቤት፣ ሌላው በእኛ እጅ ይገኛል።

የስም ዝርዝሩን ያሰባሰብነው እኛ ነን። ቤት ለቤት ዞረናል። ሰዎች ያላቸውን ይዘው ወጡ፦ የአገልግሎት ወረቀት፣ የጡረታ ደብተር፣ ከጀርባው የፎቶ ቤት ማኅተም ያለበት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሜዳይ። አንዲት እናት ልጃቸው ከግንባር የጻፈላቸውን ደብዳቤ ከዳዊታቸው ውስጥ አውጥተው ሰጡኝ። ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ አልቆ በፕላስተር ተያይዟል። ልጁ ስለ ውጊያው የጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው። የቀረው ገጽ በሙሉ ሰላምታ ነው፤ ጎረቤቱን ሁሉ በስም እየጠራ፣ የእገሌ እግር ተሻለው ወይ፣ እገሊት ወለደች ወይ እያለ ይጠይቃል። ከጠራቸው ሰዎች መካከል ዛሬም በሕይወት ያሉ አሉ። ያ ልጅ የሠፈሩን ሰው በሙሉ በስም ጠርቶ ሞተ። ከተማው ግን የእሱን ስም አንድ ጊዜ በድንጋይ ላይ ለመጻፍ ፈቃድ ይጠይቃል።

ምስክር ያልቆመለት ስም ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። አብሮ የዘመተ ጓድ ወይም ቤተሰቡን የሚያውቁ ጎረቤቶች ቀርበው ፈርመዋል። ይህን የማነሣው «ይጣራ» የሚለው ቃል በቢሮዎ ተደጋግሞ ስለተነገረን ነው። ዝርዝሩ እናንተ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሟቾቹን በሚያውቁ ሰዎች ተጣርቷል።

ሐውልቱ የተመረቀው ባለፈው የካቲት 26፣ የካራማራ ድል በሚታሰብበት ቀን ነው። ቀኑ በመመረጡ ደስ ብሎን ነበር። ጡረተኞቹ ሜዳያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በማለዳ መጡ። ነገር ግን በድንኳኑ ውስጥ ያሉት ወንበሮች ለእንግዶች ተይዘው ስለነበር አብዛኞቹ ከተወጠረው ገመድ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ኦጋዴን ላይ አንድ እግራቸውን ያጡ አባት በክራንች ተደግፈው ንግግሩን እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙ። ወንበር ላመጣላቸው ስሄድ ሥነ ሥርዓት አስከባሪው «ወንበሩ በቁጥር ነው የመጣው» ብሎ መለሰኝ። ክቡር ኃላፊ፣ እርስዎ በዚያ ሰዓት ስለ ጀግኖች ክብር እየተናገሩ ነበር። እኚህ አባት ከመድረኩ ፊት ለፊት ነበሩ፤ ከቆሙበትም ይታዩ ነበር።

ከዚያ መጋረጃው ተገለጠ። ግርጌው ላይ ጥቁር እብነ በረድ፣ በላዩ ወርቃማ ጽሑፍ። ከላይ «ለጀግኖቻችን መታሰቢያ» ይላል። ከሥሩ ሐውልቱ በክቡርነትዎ እንደተመረቀ ይገልጻል፤ ስምዎ፣ የሥራ ኃላፊነትዎና ቀኑ ተጽፏል። በስተመጨረሻ የሥራ ተቋራጩ ስም አለ። ሌላ ስም የለም።

የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት በሕዝቡ መካከል አልፈው ወደ እብነ በረዱ ቀረቡ። እኚህ ሴት ማንበብ አይችሉም። በጣታቸው ፊደሎቹን እየዳሰሱ «የእሱ የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጣታቸው ያረፈው በእርስዎ ስም ላይ ነበር። «ገና ነው፤ ይጻፋል» አልኳቸው። ይህን ያልኩት አስተዳደሩ የፈረመበት ቃለ ጉባኤ በእጄ ስላለ ነው። እኚህ ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ተጻፈ?» ይሉኛል።

ስለ አሥር አለቃው ልንገርዎት፤ ምክንያቱም ስሞቹ ያልተጻፉበት ምክንያት ተብሎ የተነገረን ነገር በእኚህ ሰው ታሪክ ውስጥ ምን እንደሆነ ይታያል። በ1970 ገና በወጣትነታቸው በሐረር ግንባር ተዋግተዋል። ጅጅጋ በመስከረም 1970 በሶማሊያ ጦር እጅ ወድቃ ስለነበር ሐረርና ድሬዳዋ ከተያዙ ምሥራቁ በሙሉ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። ካራማራ ሲያዝ፣ ጅጅጋም ስትመለስ እዚያው ነበሩ። ከዚያ በኋላ በመድፈኝነት እስከ 1983 አገለገሉ። በዚያ ዓመት ሠራዊቱ ሲበተን የለበሱትን ብቻ ይዘው በእግራቸው ወደ ቤታቸው ገቡ። የቀን ሥራ ሠሩ፤ ቀጥሎም የመጋዘን ጥበቃ ሆኑ። የወታደርነታቸውን ዘመን ቀና ብለው ሊያወሩበት የማይችሉባቸው ዓመታት ነበሩ። በ1990 የኤርትራ ጦር ባድመን ሲይዝ ሙያ ያላቸው የቀድሞ ሠራዊት አባላት ተጠሩ። እኚህም ሰው ተጠሩ፤ ሄዱም። «የበተነኝ መንግሥት ነው የጠራኝ» ብለው አልቀሩም። በየካቲት 1991 ባድመን ለማስመለስ በተደረገው ውጊያ ወደቁ።

አሁን በቢሮዎ ያሉ ባለሙያ የጠየቁንን ጥያቄ እዚህ ላይ ላስቀምጠው። «ዝርዝሩ ላይ ያሉት የደርግ ወታደሮች ናቸው ወይስ የኋለኞቹ? ተለይተው ይቅረቡ» ነው ያሉን። አሥር አለቃውን በየትኛው ዝርዝር እናስገባቸው? ካራማራ ላይ የተዋጋው ሰውነታቸው ባድመ ላይ ከወደቀው ተለይቶ ለብቻው ይመዝገብ? ባለቤታቸውስ በየትኛው ወረፋ ይቁሙ?

ጥያቄው ከአንድ ባለሙያ አፍ የወጣ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የስሞቹ ጉዳይ የቆመው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። የሚነገረን ምክንያት ይለዋወጣል፤ ሥሩ ግን ያው ነው። በአገራችን አንድ መንግሥት ሲሄድ የቆመለት ወታደር አብሮት ይጣላል። አዲሱ የራሱን ሰማዕት ይዞ ይመጣል፤ የቀድሞው ሟች ስሙን ለመጥራት የሚያስፈራ ይሆናል። እናቶች ልጃቸው በማን ዘመን እንደሞተ እየታየ ያለቅሳሉ ወይም ዝም ይላሉ። ይህ በከተማችን ሲደርስ ያየሁት ነገር ነው። በ1983 እና በ1984 ልጆቻቸውን የቀበሩ፣ አስከሬንም ያላገኙ እናቶች ሐዘናቸውን በጓዳ ጨረሱት። በመታሰቢያው ሥራ ተስፋ ያደረግነው ይህ እንዲያበቃ ነበር።

የምንኖርበትን መንገድ ብቻ ይመልከቱ። በዚሁ መንገድ ወደ ፊት ሲሄዱ ሆለታ አለ፤ በ1927 የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች በማግሥቱ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ እጅ አልሰጥም ብለው ወደ ወለጋ ወርደው የጥቁር አንበሳን ጦር ካቋቋሙት መካከል ናቸው። ከዚያ አልፈው ጊንጪ ሲደርሱ ጃገማ ኬሎ ገና በልጅነታቸው ፋሽስትን የተዋጉበት አገር ነው። እዚሁ ከአዲስ አበባ መውጫ ላይ ደግሞ ታጠቅ ጦር ሰፈር አለ። በ1969 ሦስት መቶ ሺህ የሚባለው ሚሊሺያ የሠለጠነው እዚያ ነው። አባቶቻችን ሲናገሩ ገበሬው ከየክፍለ ሀገሩ በመኪና እየተጫነ ሲገባ፣ ከሥልጠና በኋላም እየዘፈነ ሲወጣ መንገድ ዳር ቆመን ቆሎና ውኃ እንሰጥ ነበር ይላሉ። የመጣው ሁሉ አልተመለሰም። በዚህ መንገድ ዳር ለሚቆም መታሰቢያ የአንዱን ዘመን ወታደር ተቀብሎ የሌላውን መመለስ አይቻልም። ሁሉም ያለፉት በዚሁ በራችን ነው።

ዝርዝራችን ውስጥ ኮሪያ ዘምቶ ያልተመለሰ አንድ የከተማችን ልጅም አለ። የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ሲነሣ እናቱ ሸኝተውታል። ከዚያ ዘመቻ አንድም ኢትዮጵያዊ ወታደር በጠላት እጅ አልተማረከም፤ የወደቁት ግን ከ120 በላይ ናቸው። ቡሳን ከተማ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 የመታሰቢያ ግድግዳ ቆሟል። በኮሪያ ጦርነት በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር የወደቁ ከ40 ሺህ በላይ ወታደሮች ስም በየአገራቸው ተቀርጾበታል፤ የኢትዮጵያውያኑም ስም አለበት። ኮሪያውያን ይህን ሲያደርጉ የላካቸው ጃንሆይ ነው ወይስ ሌላ ብለው አልጠየቁም። የዚያ ልጅ ስም ባሕር ማዶ በድንጋይ ላይ ተጽፎ በተወለደበት ከተማ አደባባይ ላይ የለም። ይህን ነገር ለወንድሙ ልጆች ማስረዳት አቅቶኛል።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ጉለሌ ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወደቁ የእንግሊዝና የሌሎች የኮመንዌልዝ አገሮች ወታደሮች መካነ መቃብር አለ። የመቃብሮቹ ድንጋዮች እኩል ናቸው፤ የመኮንኑም የተራ ወታደሩም። ስሙ የታወቀ ሁሉ ስሙ ተጽፎለታል። በቸርችል ጎዳና፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት ደግሞ በኦጋዴን ከእኛ ጋር ተሰልፈው የሞቱ የኩባ ወታደሮች በየግላቸው የሚታወሱበት ነው፤ ፎቶግራፋቸው እዚያ ይታያል። ይህ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ለእኛ ብለው ውቅያኖስ አቋርጠው መጥተው ሞተዋል። እንግዳው በስሙና በመልኩ በሚታወስበት አገር የቤት ልጅ «ለጀግኖቻችን» በሚል አንድ መስመር መታለፉን ግን መቀበል አልችልም።

በቃል የተሰጡንን ሌሎች ምክንያቶች በአጭሩ ልመልስ። ቦታ አይበቃም ተብሏል። እብነ በረዱ የተለጠፈው በፊት ለፊቱ ብቻ ነው፤ የመሠረቱ ሦስት ጎኖች ባዶ ናቸው። የመቃብር ሐውልት የሚሠሩ ባለሙያ ወስደን አስለክተናል፤ ሁሉም ስም ይገባል ብለዋል። በጀት የለም ተብሏል። የመቅረጫውን ወጪ እድሮቻችን ሙሉ በሙሉ እንደሚሸፍኑ በማመልከቻችን ጽፈናል፤ ከአስተዳደሩ አንድ ብር አልጠየቅንም። «ስም ከተጻፈ የቀረ ቤተሰብ ቅሬታ ያነሣል» የሚልም ሰምተናል። የቀረ ካለ ይጨመራል፤ ለዚህም ክፍት ቦታ ይተዋል። አንድ ስም እንዳይቀር በመፍራት ሁሉንም ማስቀረት ከየት የመጣ ፍርድ ነው?

ሌላም አለ። ሐውልቱ ከተመረቀ በኋላ ዙሪያው ታጥሮ ተቆልፏል። በዚህ የትንሣኤ ሰሞን አንዲት እናት ሻማና አበባ ይዘው ሲሄዱ ጥበቃው «ከቢሮ የፈቃድ ወረቀት አምጡ» ብሎ መልሷቸዋል። ልጃቸው ከጥቅምት 2013 በኋላ በሰሜኑ ጦርነት የወደቀ ነው፤ አስከሬኑን አላገኙም። የሚያለቅሱበት መቃብር የላቸውም። ያ አደባባይ ብቻ ነው ያላቸው። ጥበቃው ላይ አልፈርድም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ትእዛዙን የሰጠው ክፍል ግን ለአንዲት የሟች እናት በመታሰቢያው ደጃፍ ላይ ምን ዓይነት ወረቀት እንደሚጠይቅ ያስረዳን።

ሕጉን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት፣ ኃላፊም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። አቤቱታ የማቅረብ መብት በአንቀጽ 30 ላይ ተጽፏል። አቤቱታ የማቅረብ መብት ማለት ወረቀት አስገብቶ መመለስ ብቻ አይመስለኝም፤ ተቀባዩም መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። ከተከለከልን ማን እንደከለከለን፣ በየትኛው መመሪያ እንደከለከለን በጽሑፍ ይነገረን። እስካሁን ያየነው ግን የሚከለክል ሰው ሳይኖር ነገሩ ተከልክሎ መቅረቱን ነው።

እርስዎን በግል አልጠላዎትም። ከተማችን ውስጥ ያሠሩት መንገድና ያስገቡት ውኃ አለ፤ አልክድም። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ በድለውናል። አንድ ሰው ከሥልጣኑ ሲነሣ ስሙን የሚያስታውሰው ቤተሰቡና የሠራው ሥራ ነው፤ በሟቾች መታሰቢያ ላይ ስሙን ማስቀረጽ አያስፈልገውም። የዚያ እብነ በረድ ባለቤቶች እነሱ ናቸው፤ የሚናገርላቸውም እኛ ነን። የእርስዎ ስም እንዲፋቅ አልጠየቅንም። የእነሱ ይጻፍ ነው ያልነው፤ ያ ብቻ ነው።

የምንፈልገውም በቃለ ጉባኤው ላይ ያለውን ነው። ስሞቹ በፊደል ተራ፣ ያለ ማዕረግ ቅደም ተከተል፣ የየትኛው ዘመን ወታደር እንደሆኑ ሳይለይ ይቀረጹ። ከስማቸው ጎን የወደቁበት ቦታና ዓመት ይጻፍ። የሐውልቱ በር ቀን ቀን ክፍት ይሁን። በሚቀጥለው የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ የፊተኛው ረድፍ ወንበር ለጡረተኞቹና ለሟች ቤተሰቦች ይሁን፤ ክራንች የያዘ አባት ቆሞ ንግግር አይስማ።

ቀራጩ ባለሙያ ለክተው ጨርሰዋል፤ ገንዘቡም በባንክ ተቀምጧል። መጪው የካቲት 26 ከመድረሱ በፊት ሥራው ማለቅ ስላለበት ቢዘገይ እስከ ታኅሣሥ ወር መጨረሻ መጀመር ይኖርበታል። የቀረው የእርስዎ የፈቃድ ደብዳቤ ነው። እባክዎ በፊርማዎና በማኅተም አድርገው በእድሮቹ ጽሕፈት ቤት አድራሻ ይላኩልን። መልሱ «አይቻልም» ከሆነም ይኸው በጽሑፍ ይሁን፤ ለአሥር አለቃው ባለቤት አንብቤላቸው ወደ በላይ አካል ይዤው እሄዳለሁ።

የእድሮቹ ኅብረት ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጣ መምህርና የወታደር ልጅ